«ስቱዋርድሺፕ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? መጋቢነት፣ አደራ፣ መባ

ጠያቂዋ (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምናስቀድስበት የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) በዓመት አንድ እሑድ «የስቱዋርድሺፕ ሰንበት» ብሎ ያከብራል። በዕለቱ ለየቤተሰቡ ቅጽ ይታደላል፤ ለሚመጣው ዓመት ከጊዜያችን፣ ከችሎታችንና ከገንዘባችን ለቤተ ክርስቲያን ምን እንደምንሰጥ ሞልተን እንመልሳለን። ዘንድሮ አማርኛውን አንቺ አዘጋጂው ተባልሁ። አንዱ «የአስተዋጽኦ ቅጽ» በዪው አለኝ፤ ሌላዋ «የአሥራት ቅጽ» ይባል አለች። ሁለቱም ልክ አልመጡልኝም፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

የግዕዝ አስተማሪው (አዲስ አበባ)፦

እህታችን፣ ቃሉ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ተቀምጦልሻል። በሉቃስ ምዕራፍ 16 ባለጠጋው ሰው፣ ንብረቱን ይበትናል ተብሎ የተከሰሰውን ሹም ጠርቶ «የመጋቢነትህን ሂሳብ አስረክበኝ» ይለዋል። መጋቢነት ይህ ነው።

መገበ በግዕዝ አስተዳደረ፣ ጠበቀ፣ የሚያስፈልገውን ሰጠ ማለት ነው። ምግብ የሚለው ቃልም ከዚሁ ይወጣል። ሉቃስ 12፥42ን አንብቢው፦ «እንኪያስ ምግባቸውን በጊዜው ይሰጣቸው ዘንድ ጌታው በቤተ ሰዎቹ ላይ የሚሾመው ታማኝና ልባም መጋቢ ማን ነው?» ምግብና መጋቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገናኝተዋል። እህሉም ጎተራውም የመጋቢው አይደሉም፤ የእርሱ ሥራ ለቤተ ሰው በሰዓቱ ማድረስ ነው። እግዚአብሔር ፍጥረቱን የሚይዝበትን ጥበቃ ሊቃውንት «መግቦት» ይሉታል፤ ሰው መጋቢ ሲባል እንግዲህ በዚያ መግቦት ውስጥ ሥራ ተሰጠው ማለት ነው።

የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1992 ስለዚሁ ጉዳይ ባወጡት መልእክት መጋቢውን የገለጹት ይህን በመሰለ መንገድ ነው፦ የእግዚአብሔርን ስጦታ በምስጋና ይቀበላል፣ በኃላፊነት ይንከባከበዋል፣ በፍትሕና በፍቅር ያካፍለዋል፣ አብዝቶም ለጌታ ይመልሰዋል። ከአራቱ አንዱንም «አስተዋጽኦ» አይሸከመውም።

ከሐዋሳ፦

ምግባርም ከዚሁ ሥር ነው?

የግዕዝ አስተማሪው፦

አይደለም። ምግባር ከገብረ ነው። ድምፁ ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል።

ከሮም፦

መምህር፣ ቃሉ ትክክል መሆኑን እቀበላለሁ፤ የምፈራው ሰሚውን ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢ የእረኛው ማዕረግ ሆኗል። በኦርቶዶክስ ደግሞ መጋቤ ሐዲስ፣ መጋቤ ምሥጢር የሊቃውንት ስሞች ናቸው። «የመጋቢነት ቅጽ» የተሰጣቸው እናት የክህነት ነገር ሊመስላቸው ይችላል። «ባለአደራነት» ቢባልስ? አደራን የማያውቅ አበሻ የለም። «አደራ በላ» መባልም ከባድ ነውር ነው።

የግዕዝ አስተማሪው፦

ስጋትዎ እውነት ነው፤ አደራንም እወደዋለሁ። ለስብከት ከእርሱ የሚሻል የለም። ግን አደራ ስንል ምን እንደምናስብ እንመርምረው። ጎረቤቴ ወደ ሀገር ቤት ሲሄድ ወርቁን አደራ ቢለኝ ደህና ሰው የምባለው ሳልነካው ስመልስለት ነው። ብነግድበት፣ ባተርፍበት እንኳ «አደራዬን ነካህ» ይለኛል።

አሁን ወደ ማቴዎስ 25 እንምጣ። አንድ መክሊት የተቀበለው ባሪያ ያደረገው ልክ ይህንኑ ነው። ቆፈረ፣ ቀበረ፣ ጌታው ሲመጣ «እነሆ፥ መክሊትህ አለህ» ብሎ ሳይጎድል አስረከበ። በእኛ የአደራ ሕግ ምስጉን ነበር፤ በወንጌሉ ግን ወደ ውጭ ተጣለ። መክሊት ደግሞ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነው፣ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ በነበረበት ዘመን። እንግዲህ በቁምስና ውስጥ «ምንም አላጠፋሁም፣ የማንንም አልወሰድሁም» ብሎ የተቀመጠውን ምእመን አደራ ብቻ አይቀሰቅሰውም። መጋቢነት ግን ይቀሰቅሰዋል፤ መጋቢ ጎተራውን ቆልፎ ከተቀመጠ ቤተ ሰው ይራባል።

ስለዚህ በቅጹ ራስ «መጋቢነት» ይግባ፣ ከሥሩ በአንድ መስመር ይብራራ። 1 ጴጥሮስ 4፥10 ጸጋ የተቀበሉትን ሁሉ ያለ ልዩነት «ደጋግ መጋቢዎች» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ጥቅሱን መጥቀስ የማዕረግ ስም መስሎ እንዳይታይ ይረዳል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጹ ውስጥ ያለውን የገንዘቡን ክፍልስ? «አሥራት» ያሉት እናቶች አሁንም አልተውም።

ከአዲግራት፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ በቁምስናችን የሒሳብ ኮሚቴ አገለግላለሁ። አሥራት ክቡር ቃል ነው፤ ሀገራችን ራሷ «የድንግል ማርያም አሥራት» ትባላለች። ግን ከዐሥር አንድ የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህን ቁጥር በሕግ አልደነገገችም። ትምህርተ ክርስቶሱ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኗ የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ቁጥር 2043 ላይ ምእመናን የቤተ ክርስቲያንን ፍላጎት እንዲረዱ ያዝዛል፣ መጠኑንም «እንደየአቅማቸው» ብሎ ይተወዋል። ግዴታው በላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ሕገ ቀኖና ቁጥር 222፣ በምሥራቃውያን ሥርዓት ካቶሊኮች ሕገ ቀኖና ደግሞ ቁጥር 25 ላይ አለ። ከዐሥር አንድ የሚሰጥ ይባረክ፤ በቅጽ ላይ ከታተመ ግን የቤት ኪራይ የከበደው ሰው ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር አንገቱን ይደፋል። ጳውሎስም «በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» ብሏል።

የእኔ ምርጫ መባ ነው።

የግዕዝ አስተማሪው፦

መባን ስለጠሩልኝ ደስ አለኝ። በግዕዝ መባእ ነው፤ ከቦአ፣ ማለትም ገባ ከሚለው ግሥ ይወጣል። ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባ፣ የሚቀርብ ነገር ማለት ነው። አስተዋጽኦ ግን ከወፅአ፣ ከወጣ ነው፤ የእኛ መዋጮም እንዲሁ። አንዱ ገንዘቡን ከኪስ ሲወጣ ያየዋል፣ ሌላው መሠዊያው ዘንድ ሲደርስ። ለዕድርም ለሠርግም መዋጮ ደህና ቃል ነው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የተባለው በእርሱ ነው። በቅዳሴ ጊዜ የሚሰበሰበው ግን ከኅብስቱና ከወይኑ ጋር አብሮ የሚቀርብ ነውና መባ ይባል።

ጠያቂዋ፦

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ እሰጣለሁ ብሎ የሚፈረምበት መስመር አለ። «ስእለት» ብዬ ጽፌ ነበር።

ከአዲግራት፦

እባክሽ እርሱን አጥፊው። ስእለት ለእግዚአብሔር የሚገባ ነው፤ ሰው ከሥራ ቢወጣና ባይከፍል ኃጢአት የሠራ ይመስለዋል። «ቃል መግቢያ» በዪው፤ «ቃል የገባውን ገቢ አደረገ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከሥሩም «ኑሮዎ ከተለወጠ መጠኑን መለወጥ ይችላሉ» የሚል ይጨመር።

ሌላም ልለምንሽ። ከቅጹ ጀርባ ቁምስናው ያለፈውን ዓመት ገቢና ወጪ ያትም። «የመጋቢነትህን ሂሳብ አስረክበኝ» የተባለው ለምእመኑ ብቻ አይደለም። የላቲኑ ቀኖና ቁጥር 1287 ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ስለሰጡት ንብረት አስተዳዳሪዎቹ ለምእመናኑ ሂሳብ እንዲያሳውቁ ያዝዛል። በቁጥር 1267 ደግሞ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ለዚያው ብቻ ይውላል። ለጣሪያ የተሰጠ ለጣሪያ፣ ለድሆች የተሰጠ ለድሆች። በኮሚቴ ስሠራ እንዳየሁት ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ሲነገረው ሳይለመን ይሰጣል።

ከሮም፦

እኔም ስለ መጋቢነት ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ የመክሊቱ ክርክር አሸንፎኛል። አደራን ግን ለስብከቱ ተዉልኝ።

ጠያቂዋ፦

እንዲህ አደረግሁት። ርእሱ «የመጋቢነት ሰንበት»፤ ከሥሩ 1 ጴጥሮስ 4፥10። ሦስቱ ክፍሎች «ጊዜዬ፣ ተሰጥኦዬ፣ መባዬ»፤ የፊርማው መስመር «ቃል መግቢያ»። የሂሳቡን ጉዳይ ለአባ ነግሬያቸው ተስማምተዋል፤ ገንዘብ ያዡ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያዘጋጀዋል።