አዲስ የጠረጴዛ ጨዋታ ጎጃም ላይ ማስሞከር፦ «በጣም ያምራል» ምን ይጠቅማል?

ጠያቂ፣ ከሚኒያፖሊስ
ጤና ይስጥልኝ። የሠራሁት የጠረጴዛ ጨዋታ ከ2 እስከ 4 ሰው የሚጫወተው ነው፤ 54 ካርድ፣ አንድ ሰሌዳ፣ 2 ዳይስ፣ በአማርኛ የተጻፈ 3 ገጽ ሕግ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ካሉ ዘመዶች የሚመጣው መልስ «በጣም ያምራል፣ በርታ» ብቻ ነው። እውነቱ እንዴት ይገኛል?

መልስ፣ ከባሕር ዳር
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስምህን ከጨዋታው ላይ አንሳ። ውጭ አገር ያለው ልጃችን የሠራው ነው ከተባለ በይሉኝታ ማንም አይተነፍስም። ዳማ ዙሪያ የቆመው ሁሉ «አበላሸኸው!» እያለ የሚጮኸው ሰሌዳው የማንም ስላልሆነ ነው።

«ወደዳችሁት?» አይጠየቅም። «ይህ ካርድ ምን የሚያደርግ መስሎህ ነበር?»፣ «ተራህን ስትጠብቅ የሰለቸህ የቱ ላይ ነው?»፣ «አንድ ሕግ ይውጣ ቢባል የቱ ይውጣ?» ይባል። የመጨረሻው ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው አንዱን መንቀፍ ግዴታ ስለሚሆን ነው። መልሱ በየግል፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ከአቦል በፊት ይሰብሰብ። ቡናው ቀርቦ ትልቁ ሰው «ጥሩ ነው» ካሉ የሌላው ሐሳብ እዚያው ያበቃል።

አንድ ሰው ከዳር ተቀምጦ ይመዝግብ፦ ሰዓቱን፣ የሕጉ ወረቀት ስንቴ እንደተገለጠና የትኛው ገጽ እንደሆነ፣ ማን ስልኩን መነካካት እንደጀመረ። ሕጉን ተሳስተው ቢጫወቱም አይታረሙ። አንተም በቴሌግራም ቪዲዮ ገብተህ አታስረዳ፤ ያን ጊዜ የሚፈተነው ወረቀቱ ሳይሆን ምላስህ ነው።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ
ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ገና ኅትመቱ ላይ ነው። አሜሪካ ያለው ሌተር ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ ያለው ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገጹን አጥብቦ ካተመው 63 ሚሊ ሜትር የነበረው ካርድ ወደ 61 ይወርዳል። በሁለተኛው ዙር የተቀየሩትን 5 ካርዶች ብቻ በልኩ ብታሳትም ከጠርዛቸው ይለያሉ። ይህን ያየ ተጫዋች አይነግርህም፤ ዝም ብሎ ያሸንፋል።

ስለዚህ ፋይሉን በኤ4 አዘጋጅ፤ 63 በ88 የሆነ ካርድ በአንድ ገጽ 9 ይገባል፣ 54ቱ በ6 ወረቀት ያልቃል። ሲታተም 100 ፐርሰንት ይሁን። ወፍራም ወረቀት ላይ በኮላ መለጠፍ ይቅር፣ ሲደርቅ ይቆለመማል። የታተመውን ወረቀት አሮጌ የመጫወቻ ካርታ ፊት ላይ አድርጎ በፕላስቲክ ኪስ መክተት ይሻላል፤ አንድ ሙሉ ካርታ ከሁለቱ ጆከር ጋር ልክ 54 ነው። ኪሱን ከዚያ ላክ። ለመቁጠሪያ ቆርኪና ሽምብራ ይበቃል። የካርዱ ጥግ ላይ የዙሩን ቁጥር ጻፍ፣ አለዚያ አሮጌውና አዲሱ ይደባለቃል። ያማረ ሥዕል አታስገባ፤ ያለቀ የመሰለ ነገር ለመንቀፍ ሰው ይፈራል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ዘመድ ጭራሽ አይሞክረው ማለት ነው?

መልስ፣ ከለንደን
ይሞክረው፤ ነጥቡ በትክክል ይደመራል ወይ፣ ጨዋታው መሀል ላይ ይቆማል ወይ የሚለውን ዘመድም ያሳይሃል። ጣዕሙን ግን ለማያውቅህ ሰው ተው። እዚህ ፕሌይቴስት ዩኬ፣ እናንተ ጋ ፕሮቶስፒል አለ፤ ጨዋታ ሠሪዎች አንዱ የሌላውን ይሞክራሉ። እነሱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፦ ጨዋታህን የራሳቸው ሊያደርጉት ይዳዳቸዋል። የት እንደሰለቻቸው ተቀበል፣ መድኃኒቱን ራስህ ፈልግ።

ጎጃም ላይ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ካገኘህ ደግሞ አትለፈው። ዋሸራም ሆነ ዲማ፣ ተማሪ ቅኔውን መምህሩ ፊት አቅርቦ እየታረመ ነው የሚያድገው፤ ስህተትን ፊት ለፊት መናገር ለእሱ ነውር አይደለም።

በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ቀይር። «ዕድል ብቻ ነው» ካሉህ 12 የሚጠብቅ ካርድ እንዳለ እይ፤ በ2 ዳይስ 12 ከ36 አንዴ፣ 7 ግን 6 ጊዜ ነው የሚወጣው። አንድ ቡድን ሕጉን ካወቀ በኋላ ለወረቀቱ ፈተና አይሆንም፤ አዲስ ሰው ፈልግ።

ሲያልቅም ካርዱ ቶሎ አይሰብሰብ፣ አስር ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ማንም ሳይጠይቃቸው በውዘው ካከፋፈሉ፣ ያንን መዝገቡ ላይ አስጽፍ።