ፋይበር ለብሎኮቻችን፦ የጋራ ጥያቄያችን ምን ይበል?

ጸሐፊ (ብሎክ 3)
ሰላም ጎረቤቶች። በጠቅላላ ጉባኤው በተስማማነው መሠረት ፋይበር ኢንተርኔት እንዲገባልን ለስልክ ኩባንያው የምናስገባውን ደብዳቤ እዚሁ አብረን እናርቅቅ። እስካሁን እያንዳንዳችን በየፊናችን ነው ቅርንጫፍ የምንመላለሰው። መልሱ ግን ያው ነው፦ «ፖርት ሞልቷል፤ ሲለቀቅ እንደውልላችኋለን።» ፖርት የሚሉት የመስመር መግቢያ ቀዳዳውን ነው። መቼ እንደሚለቀቅ፣ ለማን ቀድሞ እንደሚደወል የሚነግረን የለም። ወደ ሌላ እንዳንሄድ ወደ ግቢያችን የሚገባው ኬብል የአንድ ድርጅት ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ያህል እንዲህ ብዬዋለሁ፦

«የማኅበራችን አባላት የብሮድባንድ አገልግሎት በአስቸኳይ እንዲገባልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ብሎክ 9፣ 4ኛ ፎቅ
ጸሐፊያችን እናመሰግናለን፤ ግን ይቺ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብታ የምትቀር ናት። «በአስቸኳይ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የምሠራው ከቤት ነው። ስብሰባ ላይ ድምፄ ሲቆራረጥ የስልኬን ዳታ አብርቼ እቀጥላለሁ፤ ወሩ ሳይጋመስ ፓኬጁ እልም ይላል። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ነገር እንጠይቅ። ለግቢያችን ስንት ፖርት አለ? ስንቱ ተይዟል? ወረፋው በምን ይታያል? መልሱ በጽሑፍ ይሰጠን። በቃል የተነገረንን ማንም አያስታውሰውም።

ብሎክ 5፣ ምድር ቤት
እኔ መስመሩ አለኝ፤ የድሮው የመዳቡ። ክረምት በመጣ ቁጥር ስልኩ ይንጫጫል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ጭራሽ ይሞታል። የመጣው ቴክኒሻን ደግ ልጅ ነበር፤ ቡናም ጠጥቶ ነው የሄደው። ግን ያለኝን ልንገራችሁ፦ «እትዬ፣ ከእኛ እስከ ቦክሱ፣ መስመሩ ለየቤቱ እስከሚከፋፈልበት ሳጥን፣ ደህና ነው። ከቦክሱ ወዲህ ያለው የሕንፃው ነው።» እንግዲህ የሕንፃው ማለት የማን ነው? የእኔ? የብሎኩ? እሱን ሳናውቅ ማንን ምን እንላለን?

ብሎክ 12፣ ኔትወርክ ላይ የምሠራው
እትዬ፣ ዋናውን ነገር የጠየቁት እርስዎ ነዎት። ትንሽ ላብራራ፤ ረዘም ካለ ይቅርታ።

መጀመሪያ መዳቡ። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የመዳብ ኢንተርኔት ወረቀት ላይ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢትስ ይደርሳል፤ ያ ግን ጣቢያው አጠገብ ላለ ቤት ነው። 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ በጣም ይወርዳል። መጋጠሚያው ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ የእትዬ ዓይነት ጫጫታ ይመጣል። ስለዚህ በመዳብ ላይ ከፍ ያለ ፓኬጅ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

ፋይበር ሌላ ነው። አንድ ቀጭን ክር ሰፈር ድረስ ይመጣና ስፕሊተር በሚባል ትንሽ ዕቃ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። በተለመደው ጂፖን በሚባለው አሠራር በአንዷ ክር የሚወርደው በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢትስ ነው፤ ቤቶቹ ይጋሩታል። «ፖርት ሞልቷል» ሲባል ብዙ ጊዜ የስፕሊተሩ ቀዳዳ አልቋል ማለት ነው። ስፕሊተር መጨመር ደግሞ አስፋልት እንደ መቁረጥ አይደለም። ትልቁ ወጪ ቁፋሮው ነው፤ ዋናው ኬብል በራችን ድረስ መጥቷል። ስለዚህ «ስፕሊተር ይጨመርልን» ብለን በስሙ ጠርተን እንጠይቅ።

አሁን ወደ ቦክሱ። ትናንት ከጥበቃችን ጋር የብሎክ 12ን ከፈትነው። በሩ በሽቦ ነው የታሰረው። ውስጡ የተላጠ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለው ጽሑፍ ደብዝዟል። ወደ ፎቅ የሚወጣውን ቱቦ በባትሪ አየሁት። ለስልክ የተሠራ ቱቦ ነው፤ ጢም ብሎ የሞላው ግን በዲሽ ገመድ ነው! ግማሹ ዲሹ ከተነቀለ ቆይቷል፤ ገመዱ ግን አለ። ነገ የፋይበር ሠራተኛ ቢመጣ በየት ያሳልፈው? በመስኮት በኩል አንጠልጥሎት ይሄዳል፣ እኛም ሕንፃውን አበላሹት ብለን እንጮሃለን።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 2)
ኢንጂነር፣ ገባኝ። ግን ቱቦ ማጽዳቱም ገንዘብ ነው። ካዝናው ውስጥ ያለው የብሎክ 6 ጣሪያ ማፍሰሻ የሚጠገንበት ነው፤ እሱን አልነካም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ቤትም አለ። የማይጠቀመውን ክፈል ብዬ በር አላንኳኳም።

ብሎክ 9፣ 4ኛ ፎቅ
ሁለተኛው ኦፕሬተር አለ አይደል? ለምን ወደዚያ አንዞርም?

ብሎክ 12፣ ኔትወርክ ላይ የምሠራው
እኔም ሞክሬዋለሁ። ፈቃድ ያገኘው በ2013፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። የገባው ግን በሞባይል በኩል ነው። የሲም ራውተር መስኮት ዳር ስታስቀምጠው ይሠራል፤ እኛ ጓዳ ሲገባ ሌላ ነው። ከመሬት ውስጥ መስመር ጋር አይወዳደርም። ለአሁኑ ግን መጠባበቂያ ይሆናል።

ብሎክ 7 (ለንደን ያለሁት፤ ቤቱ ውስጥ እናቴ ናት ያለችው)
እኔም አንድ ነገር ልበል። እዚህ አገር የስልክ መስመሩ የቢቲ፣ የብሪቲሽ ቴሌኮም፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ግል ከዞረ በኋላም መዳቡ እጁ ላይ ቀረ። ሌላ ኩባንያ ኢንተርኔት ልሽጥ ሲል በቢቲ ጣቢያ ውስጥ ዕቃውን ለማስቀመጥ ቢቲን ራሱን ደጅ ይጠና ነበር። ተፎካካሪህን «ቦታ ስጠኝ» ብለህ እንደ መለመን ነው። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ጫና ሲያበዛ ቢቲ በ2005 ግዴታ ገባ፤ በ2006 መስመሩን የሚያስተዳድር ኦፕንሪች የሚባል ክፍል ለብቻው ወጣ። ለቢቲም ለሌላውም በእኩል ሁኔታ እንዲያከራይ ተደረገ። ከዚያ እነ ስካይ፣ እነ ቶክቶክ የራሳቸውን ዕቃ እየተከሉ ገቡ። (የሚያስቀው፣ ዛሬም ኩባንያ ብትቀይር ብዙ ጊዜ ቤትህ የሚመጣው ያው የኦፕንሪች ሰው ነው።)

ይሄን የማወራው እንደ እንግሊዝ እንሁን ለማለት አይደለም። እዚህም ቢሆን አፓርትመንት ውስጥ ኬብል ለማሳለፍ የሕንፃው ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፋይበር መንገዱ ላይ ደርሶ በዚሁ ምክንያት ሳያገኝ የቆየ ነው። የእኛ ሕንፃ ባለቤት ደግሞ እኛው ነን።

ጸሐፊ (ብሎክ 3)
ልክ ነው። የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ ደረጃውንም ኮሪደሩንም የጋራ ንብረታችን ያደርገዋል። ቱቦውም በዚያው ይገባል። የመስመር መጋራትን በተመለከተም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አለ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው በእሱ ነው፤ ኦፕሬተሮች መሠረተ ልማት እንዲጋሩም ደንግጓል። ቅሬታ ግን መጀመሪያ ለኩባንያው ነው የሚቀርበው፤ ካልተፈታ ነው ወደ ባለሥልጣኑ የሚኬደው። ለዚህ ነው የጽሑፍ መልስ የሚያስፈልገን።

ሰብሳቢ (ብሎክ 1)
ልጆች፣ እሳት አትጫሩ። ከኩባንያው ጋር ተጣልተን የት እንሄዳለን? ለባለሥልጣኑ ግልባጭ አሁኑኑ ይደረግ የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። ገና ሳንናገራቸው ከሰስናቸው ይባላል። መጀመሪያ ለእነሱ ብቻ ይግባ። 30 ቀን እንስጣቸው፤ ዝም ካሉ እኔው ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

ብሎክ 9፣ 4ኛ ፎቅ
ጋሼ፣ 30 ቀን ይበዛል ልል ነበር። እርስዎ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ግን ተስማምቻለሁ።

ብሎክ 5፣ ምድር ቤት
እኔ አንድ ነገር አደራ። ፋይበር ሲገባ መዳቡን እንዳትነቅሉብኝ። መብራት ሲጠፋ የሚሠራልኝ ያ ስልክ ብቻ ነው።

ብሎክ 12፣ ኔትወርክ ላይ የምሠራው
እውነታቸውን ነው። የመዳብ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከጣቢያው ነው። የፋይበሩ ዕቃ ግን ከቤት መብራት ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አነስተኛ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ የሚገዛ ይግዛ። እትዬ ግን ስለ ዩፒኤስ የሚጨነቁበት ምክንያት የለም፤ መዳቡ እንዳይነቀል ደብዳቤው ውስጥ እናስገባው።

ገንዘብ ያዥ (ብሎክ 2)
እንደዚህ ብናደርግስ? ቱቦውን ለማጽዳት በየብሎኩ መስመር የሚፈልጉት ብቻ ያዋጡ። ቱቦው ግን የሁሉም ሆኖ ይቆይ፤ በኋላ የሚገባ ሰው ያኔ ይክፈል። ጣሪያውም አይነካም።

ጸሐፊ (ብሎክ 3)
ግሩም። እንግዲህ ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት፦

«1. ለግቢያችን የተመደበው የፋይበር ፖርት ብዛት፣ የተያዘውና ክፍት የሆነው በጽሑፍ ይገለጽልን። ወረፋ የሚያዘው በማመልከቻ ቀን ቅደም ተከተል ይሁን።
2. ክፍት ፖርት ከሌለ በየብሎኩ ስፕሊተር የሚጨመርበት ጊዜ ይነገረን።
3. ማኅበሩ በራሱ ወጪ የየብሎኩን ቱቦና ቦክስ አጽድቶና ምልክት አድርጎ ያስረክባል። ቱቦው የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል፤ ፈቃድ ያለው ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ሊጠቀምበት ይችላል።
4. የመዳብ ስልካቸውን ማቆየት የሚፈልጉ አባላት መስመር አይቋረጥም።
5. በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንጠብቃለን።»

ሰብሳቢ (ብሎክ 1)
3ኛው ላይ «ማንኛውም» የሚለውን ሲያዩ ይከፋቸው ይሆን?

ብሎክ 7 (ለንደን)
ጋሼ፣ ከሁሉም በላይ እሱ እንዳይወጣ። ቱቦውን ለአንዱ ብቻ ከፈረምንለት፣ መንገድ ላይ ያለው፣ መስመሩ በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ የመሆኑ ችግር ደረጃችን ድረስ ገባ ማለት ነው።

ሰብሳቢ (ብሎክ 1)
እሺ፣ ይቆይ። እፈርማለሁ።

ጸሐፊ (ብሎክ 3)
የብሎክ 4፣ የብሎክ 8 እና የብሎክ 10 የፈላጊዎች ዝርዝር አልደረሰኝም፤ እስከ ዓርብ ላኩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከኢንጂነር ጋር ቦክሶቹን እንከፍታለን። የሚሠራ የዲሽ ገመድ ያላችሁ ጫፉ ላይ የቤት ቁጥር ለጥፉበት። ያልተለጠፈበት ይቆረጣል፤ የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ ግን ተጠያቂው እኔ ሳልሆን ባለቤቱ ነው።