የሥራ ዕድገት በወር ይለካ ወይስ በዓመት? በዋሽንግተን ግዛት የዘርፍ ቁጥሮች ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
የዋሽንግተን ግዛት የሥራ ዋስትና መምሪያ በየወሩ በሚያወጣው መግለጫ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ይቀርባሉ። አንደኛው ካለፈው ወር ወዲህ በግንባታ፣ በማምረቻ፣ በጤና፣ በሆቴልና መስተንግዶ እና በሌሎች ዘርፎች ስንት የሥራ ቦታ እንደ ተጨመረ ወይም እንደ ጠፋ ይናገራል፤ ሁለተኛው ይኸው ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ያለውን ልዩነት ያሳያል። ሰው ሁሉ ተቀብሎ የሚያወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የወሩን ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የትኛው ዘርፍ እያደገ፣ የትኛው እየወደቀ ነው ተብሎ የሥልጠና ገንዘብ ሲደለደል መታመን ያለበት የቱ ቁጥር ነው? ዓመቶቹን ሁላችንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጠራቸው መግባባት ይቀልለናል።

ከኤቨረት፦
የወሩ ቁጥር ለእንዲህ ዓይነት ውሳኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 ወደ 33,000 የሚጠጉ የአውሮፕላን አምራቹ የቦይንግ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። እነዚህ ቁጥሮች የሚወጡበት የአሠሪዎች ጥናት የሚቆጥረው የወሩ 12ኛ ቀን በሚውልበት የደመወዝ ጊዜ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ቢሆን የተከፈለውን ሰው ነው። አድማው የተጀመረው በ12ኛው ቀን ማግስት በመሆኑ ሠራተኞቹ በሴፕቴምበር ቆጠራ ውስጥ አሉ፤ በኦክቶበር የሉም፤ ኖቬምበር 4 ቀን ስምምነቱን በድምፅ አጽድቀው ሲመለሱ እንደገና ይታያሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የማጓጓዣ መሣሪያዎች ማምረቻ በዚያ ኦክቶበር 44,000 የሥራ ቦታ እንዳጣ ተነገረ፤ ዋናው ምክንያት ይኸው አድማ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ለአውሮፕላን ማምረቻ ዕቃ በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ትእዛዝ ሲቆም ያለ ደመወዝ ወደ ቤት ላኩን። ማንም አላባረረንም፤ የመግቢያ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የሥራ ጫማዬና የጆሮ መከላከያዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ እንደ ተቆለፈባቸው ነበሩ። በቆጠራው ግን እኔም እንደ ጠፋ የሥራ ቦታ ተደርጌ ተወሰድሁ። በወሩ ቁጥር የሚፈርድ ሰው የእኛ ዘርፍ በአንድ ወር ውስጥ ተንኮታኩቶ በሚቀጥለው አንሰራራ ብሎ ያምናል። ከሁለቱ አንዱም አልሆነም።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ የደረሰብዎትን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ያቀረቡት ማስረጃ ዓመታዊውንም ቁጥር የሚመታ መሆኑን ልብ ይበሉ። የ2025ን ኦክቶበር ከ2024 ኦክቶበር ጋር የሚያነጻጽር ሰው መነሻ የሚያደርገው በአድማው ምክንያት የጎደለውን ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በመካከሉ አንድም አዲስ ሠራተኛ ባይቀጠር እንኳ ማምረቻው ያደገ ይመስለዋል። የወሩ ቁጥር አንድ ጊዜ ወርዶ አንድ ጊዜ በመውጣት ነገሩን ይጨርሳል፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ስሕተቱ ዓመት ጠብቆ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ዓመታዊው ቁጥር ዘግይቶ መናገሩ ነው። አንድ ዘርፍ ለዘጠኝ ወር በየወሩ 1,000 ሰው ጨመረ፣ ከዚያ በተከታታይ ለሦስት ወር በየወሩ 1,000 ሰው ቀነሰ እንበል። ዓመታዊው ስሌት አሁንም 6,000 ጨምሯል ይላል። በዚያ ዘርፍ ላለፉት ሦስት ወራት ሥራ ያጡ ሰዎች «ዘርፋችሁ እያደገ ነው» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

የስታቲስቲክስ ተማሪ፦
ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን ላክል። የወሩም የዓመቱም ቁጥር የሚወጣው ከናሙና፣ ማለትም ከሁሉም መካከል ተመርጠው ከሚጠየቁ አሠሪዎች ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ናሙናው ከ100,000 በላይ አሠሪዎችን ይይዛል፤ ያም ሆኖ የአገሪቱ የወር ለውጥ በ90 ከመቶ እርግጠኝነት ሲለካ ከ100,000 የሥራ ቦታ በላይ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። ያን ናሙና በ50 ግዛት፣ የግዛቱን ድርሻ ደግሞ በዘርፍ ስትከፋፍሉት ለአንድ መስመር የሚቀረው የአሠሪ ብዛት ትንሽ ነው። ዋሽንግተን ከእርሻ ውጭ ያላት የሥራ ቦታ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የአንድ ሺህኛ ለውጥ ማለት 3,600 ሰው ነው። እንግዲህ «በዚህ ወር የፋይናንስ ዘርፍ 400 የሥራ ቦታ ጨመረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስናነብ ዘርፉ ጨምሮ ይሁን ቀንሶ ከናሙናው ብቻ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የዓመቱም ለውጥ የራሱ የናሙና ስሕተት አለው፤ ነገር ግን የአሥራ ሁለት ወር ለውጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ለውጥ ስለሚበልጥ ከስሕተቱ በላይ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ከኤቨረቱ ወንድማችን ጋር ነኝ።

ወቅቱም አለ። ትምህርት ቤቶች በጁላይና በኦገስት ይዘጋሉ፤ መደብሮች ለገና የቀጠሩትን ሰው በጃንዋሪ ያሰናብታሉ። የወሩ ቁጥር ይህን የሚያስተካክለው ካለፉት ዓመታት ልማድ ተነሥቶ ነው። የአሁኑ ወር ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ግን ወቅቱ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያጣፋል።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ስለ ናሙናው ከተነሣ፣ ለጥናቱ በየወሩ የአሠሪውን ቅጽ ከሚሞሉት አንዷ እኔ ነኝና ከውስጥ ልናገር። የምሠራበት ድርጅት በየሁለት ሳምንቱ ይከፍላል። በየወሩ 12ኛው ቀን የሚውልበትን የክፍያ ጊዜ ፈልጌ የተከፈላቸውን ሠራተኞች ጠቅላላ ብዛት፣ ከእነርሱ ውስጥ ሴቶቹን፣ የኃላፊነት ሥራ የሌላቸውን፣ ከዚያ የደመወዙን ድምርና የሰዓቱን ብዛት እጽፋለሁ። ዕረፍት ላይ ሆኖ የተከፈለው ይቆጠራል፤ ዕረፍት ላይ ሆኖ ያልተከፈለው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ የደመወዝ ሶፍትዌራችን ሲቀየር መዝገቡ አልከፈት ብሎኝ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ላክሁ። የእኛ ቁጥር የመጀመሪያው ግምት ላይ አልደረሰም፤ የገባው በሚቀጥለው ክለሳ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ክለሳ የማታለል ምልክት ተደርጎ ሲወራ ስለምሰማ ነው። ኦገስት 1 ቀን 2025 የአገሪቱ የሜይ እና የጁን ቁጥሮች በድምሩ በ258,000 ወደ ታች ሲከለሱ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራሉን የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ኃላፊ ኤሪካ ማክኤንታርፈርን በዚያው ዕለት ከሥራ አሰናበቷቸው። እኔ ግን ከጠረጴዛዬ የማየው ቅጽ ዘግይቶ ሲደርስ ቁጥሩ መስተካከሉን ነው። ዘግይቶ የደረሰውን እውነት ከመጣል መቀበል ይሻላል።

የስታቲስቲክስ ተማሪ፦
እህቴ ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለክርክራችን የሚያመጣውን ውጤት አስቡበት። ከወርኃዊው ክለሳ ሌላ በዓመት አንድ ጊዜ ናሙናው አሠሪዎች ለሥራ አጥነት መድን ከሚያስገቡት የግብር መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ያ መዝገብ ከአገሪቱ የሥራ ቦታዎች ከ95 ከመቶ በላይ ይይዛል። በ2024 ኦገስት የመጀመሪያው ምርመራ የዚያ ዓመት የማርች ቁጥር በ818,000 ተጋንኗል አለ፤ በ2025 ፌብሩዋሪ በወጣው የመጨረሻ ውጤት ወቅታዊ ማስተካከያ የተደረገበት ቁጥር በ598,000 ዝቅ ተደረገ። ይህ ልዩነት የተጠራቀመው በአሥራ ሁለት ወር ነው፤ ስለዚህ ናሙናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ዓመታዊው ቁጥርም አብሮ ያዘነብላል። ቀደም ሲል ለዓመቱ ያደላሁትን በዚህ መጠን እቀንሳለሁ።

አሽከርካሪ፣ ከሲታክ፦
ክርክሩን በጥሞና ተከታትያለሁ። በሲያትል-ታኮማ (ሲታክ) አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በስልክ መተግበሪያ ተጠርቼ ሰው የማመላልስ ነኝ። የደመወዝ መዝገብ የለኝም፤ ቅጽ የሚሞላልኝም የለም። የወሩን ብትወስዱ የዓመቱን፣ በሁለቱም ውስጥ የለሁም። በያኪማ ፖም የሚለቅሙትም እንዲሁ፤ ቁጥሩ «ከእርሻ ውጭ» ነውና። በአንጻሩ ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። «የትራንስፖርት ዘርፍ» ተብሎ ሲጻፍ የእኔ ድካም በውስጡ እንደሌለ አንባቢ ማወቅ አለበት።

የስታቲስቲክስ ተማሪ፦
ልክ ነዎት። እርስዎ የሚገቡት አሠሪዎችን ሳይሆን ቤተሰቦችን በሚጠይቀው በሌላው ጥናት ነው፤ እሱም በመላ አገሪቱ በወር 60,000 ያህል ቤተሰብ ይዞ ስለሚነሣ በግዛትና በዘርፍ ከፍሎ ለመናገር አቅም ያንሰዋል።

ከኤቨረት፦
እህታችን ስለ 2025 ኦክቶበር ያነሡትን አላሰብሁበትም ነበር፤ ተቀብያለሁ። ነገር ግን የወሩን ቁጥር የሚደግፉት ለማስጠንቀቂያነት ከሆነ፣ ለዚያ ከእሱ የሚቀድም ነገር አለን። በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ብዙ ሰው ሊቀንስ ሲል ከ60 ቀን በፊት እንዲያስታውቅ ያዛል፤ የዋሽንግተን የራሷ ሕግ ደግሞ ከ2025 ጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ግዴታውን 50 ሠራተኛ ወዳላቸው አሠሪዎች አውርዶታል። የወሩ ቁጥር የሚነግረን ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ነው። ማስታወቂያው ግን ገና በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ ይደርሳል።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ለትልልቆቹ አሠሪዎች እውነት ነው። 12 ሰው ያለው ምግብ ቤት ሲዘጋ ግን ማስታወቂያ የለም፤ የሆቴልና መስተንግዶ ዘርፍ ደግሞ በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ቤቶች የተሞላ ነው። የእነርሱ መቀነስ ቶሎ የሚታየው በወሩ ቁጥር ነው፤ ሆኖም አንድ ወር ብቻውን እንደማይታመን ተማሪው አሳምኖኛል። ስለዚህ አቋሜን አስተካክዬ አቀርባለሁ፦ ለየዘርፉ የሦስት ወር አማካይ ለውጥ ይነገር፤ ከጎኑ የናሙናው ስሕተት ይጻፍ፤ አድማ ወይም የተፈጥሮ አደጋ ካለ በዚያው መስመር ይገለጽ፤ ከዓመት በኋላ ንጽጽሩ ሲመጣም ያው ማስታወሻ ይደገም።

ከኤቨረት፦
በሦስት ወሩ አማካይ እስማማለሁ፤ በሥልጠናው ገንዘብ ግን አልስማማም። አንድ ነርስ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለማፍራት ዓመታት ይወስዳል። ሰልጣኙ ሲመረቅ የሚያገኘው ገበያ ዛሬ በሦስት ወር የሚለካው አይደለም። ለዚያ ድልድል የግብር መዝገቡ ዘግይቶም ቢሆን ይጠበቅ፤ ቢያንስ የሦስት ዓመት አካሄዱ ይታይ።

የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ለረጅሙ ሥልጠና እቀበላለሁ። ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጠው፣ ከሥራ የወጣን ሰው በፍጥነት ወደ ሌላ ሥራ የሚያሸጋግረው ግን ያን ያህል ሊጠብቅ አይችልም። እኔ በበኩሌ የዚህን ወር ቅጽ የክፍያ ጊዜው እንደ ተዘጋ እልካለሁ፤ ሳይዘገይ።