የድሮ ቢስክ አሻንጉሊት ከነካርቶኗ፦ እዚያው ትቆይ ወይስ ትውጣ?

ጥያቄ
ሰላም! አሻንጉሊት አምራቹ አርማንድ ማርሴል የሠራት የጀርመን ቢስክ አሻንጉሊት (ጭንቅላቷ ከማያብረቀርቅ ሸክላ የተሠራ) አገኘሁ። ማጅራቷ ላይ 390 የሚል የሞዴል ቁጥር አለ። የሚገርመው ከነካርቶኗ ናት፤ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሳይቀር አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ግን ካርቶኑ ጠርዙ መፈርፈር ጀምሯል። ላውጣት?

መልስ
እንኳን ደስ አለሽ! ካርቶኑን እንዳትጥዪው፤ ልጆች ስለሚቀዳድዱት ብዙ አልተረፈም። ግን ያረጀ ካርቶን አሲድ አለው፣ ልብሷን ቢጫ ያደርጋል። ከአሲድ ነፃ በሆነ ስስ ወረቀት ጠቅልያት። ፕላስቲክ በፍጹም! እርጥበት ያፍናል።

መልስ
ዓይኖቿ ስትተኛ የሚከደኑ ናቸው? ከሆነ ለረጅም ጊዜ በጀርባዋ አታስተኚያት። ከዓይኖቿ ጀርባ የእርሳስ ክብደት አለ። ማያዣቸው ከላላ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ወድቀው ጭንቅላቷን ሊሰብሩት ይችላሉ። በደረቷ አስተኚያት፣ ፊቷ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ።

ጠያቂዋ
ይከደናሉ! አሁኑኑ እገለብጣታለሁ። ዕድሜዋን በምን ልወቅ?

መልስ
«ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ካለባት እ.ኤ.አ. ከ1891 ወዲህ የተሠራች ትመስላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የተነሳ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ተደርጓል። ዊጓ ሲነሳ ደግሞ ጭንቅላቷ ውስጥ ባትሪ አብሪበት። ስንጥቅ ካለ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታይሻል።