ለወገብ ሕመም የቻይና መርፌ ታዘዘልኝ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

የፍራንክፈርቷ

ሰላም ወገኖች። ፍራንክፈርት ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ፍራሽ ማንሳት ወገቤን ጨረሰው። ጠዋት ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ራሱ አንድ ሥራ ሆኖብኛል። የሕመም ማስታገሻው ክኒን ደግሞ ጨጓራዬን አቃጠለኝ።

አሁን ሐኪሜ አኩፓንክቸር ሞክሪ አለችኝ። አሥር ጊዜ ነው፤ ክራንከንካሴው (የጤና መድኑ) ይከፍላል። እኔ የገረመኝ ይሄ ነው። ለመነጽሬ ሳንቲም ያልሰጠኝ ክራንከንካሴ ለቻይና መርፌ ይከፍላል?

እህቴ ከጎንደር ደውላ «ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን» ትለኛለች። አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ ደግሞ የተፈጨ የቻይና ቅጠል በከረጢት ሰጥታኛለች። «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ትላለች። ጽሑፉ ሁሉ ቻይንኛ ነው። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። ስለዚህ ነገር የተጠና ጥናት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ባለ ነጭ ጋውን

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ፋርማሲስት ነኝ። ባሕር ዳር ሠርቻለሁ፣ አሁን ኮሎኝ ነኝ።

ክራንከንካሴው ወዶ አይደለም የሚከፍለው። ጀርመኖች ጌራክ የሚባል ትልቅ ጥናት አድርገው ነበር። የወገቡ ውጤት በ2007 ወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 1162 ሕመምተኞችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን በቻይናው ሕግ መሠረት በትክክለኛው ነጥብ ላይ ተወጋ። ሁለተኛው ቡድን ለማስመሰል ያህል፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ ላይ ላዩን ብቻ ተወጋ። ሦስተኛው የተለመደውን ክኒንና ፊዚዮቴራፒ አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ የተሻላቸው ከመጀመሪያው ቡድን 47.6 በመቶ፣ ከሁለተኛው 44.2፣ ከሦስተኛው 27.4 ናቸው።

ቁጥሮቹን ቀስ ብለሽ እያቸው። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በደንብ በልጧል። ግን የት መወጋትሽ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ «ቺ የሚባል ኃይል በሰውነት መስመር ይፈሳል» የሚለው ታሪክ እዚህ አልተደገፈም። ለእህትሽም ይህን ንገሪያት፤ ልትወጊ እንጂ ልትሰግጂ አይደለም የምትሄጂው።

እኔን ያሳሰበኝ መርፌው ሳይሆን ከረጢቱ ነው።

የቻይናን ቅጠል ልንቅ አይደለም። አገር ቤት ለወባ በየቀኑ ስሰጠው የነበረው ኮአርተም ከዚያው የመጣ ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍት ስታገላብጥ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ማዘዣ አገኘች። ጭብጥ ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክረህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም! ሙቀቱ ይሆን እንዴ መድኃኒቱን የሚገድለው ብላ ኤተር በሚባል በ35 ዲግሪ በሚፈላ ፈሳሽ አወጣችው። በ1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና የአይጦቹን ወባ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ልብ በይ፤ ቅጠሉ ተጣርቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ነው ክኒን የሆነው። የኛም አሪቲ የዚያው ተክል ዘመድ ነው። ዘመድ ስለሆነ ግን ወባ ያድናል ማለት አይደለም።

ሌላውን ገጽ ደግሞ ስሚ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ሴቶች ለማቅጠን የቻይና ቅጠል ያለበት ክኒን ይወስዱ ነበር። ፋንግ ጂ የሚባለው ተክል በስሙ በሚመስለው በሌላ ተክል ተተካ። ያኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለው። ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። በኋላ ኩላሊታቸው ከወጣላቸው 39 ሰዎች በ18ቱ ላይ የሽንት መስመር ካንሰር ተገኘ። ይሄም «ተፈጥሮ» ነው እንግዲህ።

ላንቺ ደግሞ ሌላም አለ። ብዙ የቻይና ቅመማዎች ውስጥ ጀርመኖች ላክሪትስ ከረሜላ የሚሠሩበት ጣፋጭ ሥር ይገባል። እሱ ሲበዛ ፖታሲየም ያወርዳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄት አትጠጪ።

ቶማስ ዘዋሽንግተን

ባለ ጋውኑ፣ ስለ ቅጠሉ አንድ ነን። በመርፌው ግን ለሰው ፊት አየህ። የሁለተኛው ቡድን የማስመሰያ መርፌ እኩል ከሠራ ፕላሴቦ ነው፤ መድኃኒት ሳይኖረው በእምነት ብቻ የሚያሽል ማለት ነው፣ አለቀ። «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል።» እዚህ አሜሪካም ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ከ2020 ጀምሮ ለወገብ ይከፍላል፣ በ90 ቀን 12 ጊዜ። መክፈል ማስረጃ አይሆንም።

ባለ ነጭ ጋውን

ቶማስ፣ እንዲያውም ላግዝህ። ሦስተኛው ቡድን መርፌ እንዳልደረሰው ያውቅ ነበር። ቅር መሰኘቱ ብቻ ውጤቱን ሊያወርደው ይችላል። በሌላ በኩል በ2018 የ39 ጥናቶች ውጤት፣ 20,827 ሕመምተኞች፣ አንድ ላይ ሲታይ እውነተኛው መርፌ ማስመሰያውን በልጧል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። እኔ ብሆን እሄዳለሁ። ጨጓራዋ ክኒን አልችል ብሏል፣ መርፌው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፣ ገንዘብም አይወጣባትም። በስድስት ወሩ ካልሲዋን ካጠለቀች በምን ተሻላት ብዬ አልጣላም።

የፍራንክፈርቷ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከረጢቱን ለሴትዮዋ መለስኩላት። ተቀየመችኝ መሰለኝ፣ ዛሬ ሊፍት ውስጥ ሰላም አላለችኝም። መርፌው ማክሰኞ ይጀመራል። ሠላሳ ደቂቃ ሳትነቃነቂ ትተኛለሽ ተብያለሁ። ከሥራ ቀጥታ ስለምሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነው የምፈራው።