ከግስ ቀጥሎ «ቱ» ነው «ኢንግ»? ለተማሪ በአማርኛ እንዴት ይብራራል?

አስጠኚዋ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። የግሶቹን ትርጉም ያውቁታል፤ የሚቸግራቸው ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «አይ ኢንጆይ ቱ ሪድ»፣ «ሌት ሂም ቱ ጎ»፣ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» ይላሉ። «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ፕሮብለም» የማይልማ የለም። ዝርዝር ሰጥቶ ማሸምደድ ለሁለት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይቀላቀልባቸዋል። ከአማርኛው ተነስቶ የሚያስረዳ መንገድ ካላችሁ በምሳሌ አሳዩኝ። በተለይ «ስቶፕ»፣ «ሪሜምበር» እና «ትራይ» ሁለቱንም ሲወስዱ ልዩነቱን እንዴት ታስረዳላችሁ?

ሰዋስው ከሰበታ፦
እህቴ፣ ከ«ስቶፕ» ጀምሪ፤ መልሱን አማርኛው ራሱ ይዞልሻል። ሰሌዳው ላይ «ማጨስ አቆመ» እና «ለማጨስ ቆመ» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሲጋራ ተወ፤ ሁለተኛው ጉዞውን ገታ አድርጎ ሲጋራ ለኮሰ። ይህን ለይቶ የማያውቅ ተማሪ አይኖርሽም። አሁን «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» እና «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» የሚሉትን ከጎናቸው አስቀምጪ። አማርኛ ግሱንም ቀየረ፣ «ለ»ም ጨመረ። እንግሊዝኛ ግሱን ሳይነካ ተከታዩን ብቻ ለወጠ። ተማሪው «ለማጨስ» የሚለው ውስጥ ያለችውን «ለ» ካየ «ቱ» የት እንደምትገባ ያውቃል።

«ሪሜምበር» ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አስይዣቸው። «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ» ሲል መቆለፉ ቀድሟል፣ ትዝታው ተከትሏል፦ «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር»። «አስታውሼ በሩን ቆለፍኩ» ሲል ማስታወሱ ይቀድማል፦ «አይ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር»። «ፎርጌት»ም እንዲሁ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ሮቶውን መሙላት እንዳትረሳ» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል፤ «ዶንት ፎርጌት ቱ ፊል ዘ ታንክ» ነው።

«ትራይ» ትንሽ ይለያል። «መስኮቱን ለመክፈት ሞከረ» ሲባል መክፈቱ ራሱ ከባድ ነበር፣ ምናልባትም አልተከፈተም፦ «ሂ ትራይድ ቱ ኦፕን ዘ ዊንዶው»። ክፍሉ ሞቆ «እስቲ መስኮቱን ክፈቺውና እዪው» ስትባዪ ግን መክፈቱ ቀላል ነው፤ የሚፈተነው ሙቀቱ ይቀንስ እንደሆነ ነው፦ «ትራይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው»። «እስቲ… አድርገህ እየው» በሚባልበት ቦታ ሁሉ «ኢንግ» አድርጊ።

ባጭሩ «ቱ» ወደፊት፣ «ኢንግ» ወደ ኋላ ያያል በያቸው።

ገላን 07፦
የሰዋስው ምሳሌዎች ልክ ናቸው፤ የመጨረሻዋን መስመር ግን ጠቅላላ ሕግ አድርገሽ እንዳትሰጪያቸው። ለ«ሪሜምበር»፣ ለ«ፎርጌት» እና ለ«ሪግሬት» ትሠራለች። «አቮይድ»፣ «ሰጀስት»፣ «ፖስትፖን» እና «ኮንሲደር» ግን ገና ስላልተደረገ ነገር የሚያወሩ ሆነው ሳለ ሁሉም «ኢንግ» ይወስዳሉ። ሕጉን ያመነ ተማሪ «ሂ ሰጀስትድ ቱ ሊቭ» ብሎ ነጥቡን ያጣል። ትክክሉ «ሂ ሰጀስትድ ሊቪንግ» ነው።

«ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሚት» ላይ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። «ቱ» ሁለት ናት፦ አንዷ የአርእስት (እንደ «መሄድ» ያለ የግስ ቅርጽ) ምልክት፣ ሌላዋ መስተዋድድ (እንደ «ወደ» ከስም ፊት የሚገባ ቃል)። መለያው ቀላል ነው፤ ከ«ቱ» በኋላ ስም አስገቢበት። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ መስተዋድድ ናት፣ ግስ ሲመጣም «ሚቲንግ» ይሆናል። «አይ ዲሳይድድ ቱ ዘ ሆሊዴይ» አያስኬድም፤ ስለዚህ የአርእስት ናት፣ «ቱ ጎ» ይላል። ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ግስ «ኢንግ» ይይዛል፦ «ቢፎር ሊቪንግ»፣ «ኢንስቴድ ኦፍ ጎይንግ»፣ «ዊዛውት ሲይንግ ጉድባይ»።

«ዩዝድ ቱ» ላይ ረጋ ብለሽ ቆዪ፣ ሦስት መልክ አለው። «ሰበታ ይኖር ነበር» «ሂ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ሰበታ» ነው። «ሰበታ መኖር ለምዷል» «ሂ ኢዝ ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ኢን ሰበታ» ነው። «ቢላዋ ዳቦ ለመቁረጥ ያገለግላል» ደግሞ «ኤ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ካት ብሬድ»። «ነበር»፣ «ለመደ»፣ «ያገለግላል»፤ ተማሪው መጀመሪያ የትኛውን ማለት እንደፈለገ በአማርኛ ይናገር፣ ከዚያ ይጻፍ።

«ሌት ሂም ቱ ጎ» የሚመጣው «እንዲሄድ» ከምትለው ቃል ነው። «እንዲ»ን ባዩ ቁጥር «ቱ» ይጨምራሉ። «ሌት» እና «ሜክ» ጥሬ ግስ ነው የሚወስዱት፦ «ሌት ሂም ጎ»፣ «ዘይ ሜድ ሂም ዌይት»። «አስጠበቁት» አንድ ቃል ነው፣ «እንዲ» የለበትም። ወደ ተደራጊ ሲዞር ግን «እንዲጠብቅ ተደረገ» ይሆናል፣ እንግሊዝኛውም «ቱ»ን ይመልሳል፦ «ሂ ወዝ ሜድ ቱ ዌይት»። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች እንዲህ መገጣጠማቸው ደስ ይላል። «እንዲሄድ እፈልጋለሁ» ሲባል ደግሞ «አይ ዎንት ዛት ሂ ጎ» ይጽፋሉ፤ «አይ ዎንት ሂም ቱ ጎ» በያቸው።

መስተዋድድ ከለገጣፎ፦
ስለ «ዲስከስ አባውት» ማንም አላነሳም፤ ለኔ ትልቁ ምንጭ ይኸው ነው። የአማርኛ ግስ ተሳቢውን በራሱ ላይ ይሸከማል። «ጠበቅኩት»፣ «አዳመጠችኝ»፣ «አስረዳኝ» ውስጥ መስተዋድድ የለም፤ ስለዚህ ተማሪው «አይ ዌይትድ ሂም»፣ «ሺ ሊስንድ ሚ»፣ «ኤክስፕሌይን ሚ» ይላል። እንግሊዝኛ ግን «ዌይት ፎር»፣ «ሊስን ቱ»፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ይላል። በተቃራኒው «ስለ ችግሩ ተወያየን»፣ «ወደ ክፍሉ ገባ»፣ «ከእሱ ጋር ተጋባች» ውስጥ መስተዋድድ አለ፣ እንግሊዝኛው ላይ የለም፦ «ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም»፣ «ኤንተርድ ዘ ሩም»፣ «ሜሪድ ሂም»። ሁለት ዓምድ አሰምሪያቸው፦ «አማርኛው የጎደለው» እና «አማርኛው የተረፈው»። ከዝርዝሩ ይልቅ የስህተቱ አቅጣጫ ይታወሳቸዋል።

«ዲስከስ» ላይ ግራ የሚያጋባው ስሙ ነው፤ «ኤ ዲስከሽን አባውት» ትክክል ነው፣ ግሱ ላይ ሲሆን ስህተት። «ደረሰ»ም ለሁለት ይከፈላል፦ «ዊ ሪችድ መገናኛ» ያለ መስተዋድድ፣ «ዊ አራይቭድ አት መገናኛ» በመስተዋድድ። ከተማ ወይም አገር ከሆነ «አራይቭድ ኢን አዲስ አበባ»። «ሆም» ሲሆን ምንም አይገባም።

አስጠኚዋ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁለቱን ዓምድ ነገውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ ቀረኝ፦ «ተርን ኦፍ ኢት» ይላሉ፣ ሳርማቸው ደግሞ ሁሉንም ከፍለው «ሉክ ኢት አፍተር» ይላሉ። የሚከፈለውንና የማይከፈለውን በምን ይለዩ?

ሰዋስው ከሰበታ፦
እንደ ገላን እርማት ሕጉን ቆጥቤ ልናገር። «ተርን ኦፍ» ውስጥ ያለው «ኦፍ» ተውሳከ ግስ ነው፤ ከግሱ ጋር ይቆያል፣ ተሳቢው በመካከላቸው ሊገባ ይችላል። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ»ም ይባላል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለም፣ መካከል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ሉክ አፍተር» ውስጥ ያለው «አፍተር» መስተዋድድ ነው፣ ከስሙ ፊት አይነቃነቅም፦ «ሉክ አፍተር ኢት»።

በጆሮም ይለያል። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ድምፁ «ኦፍ» ላይ ይጠነክራል፤ «ሉክ አት ኢት» ሲባል «ሉክ» ላይ ጠንክሮ «አት» ይዋጣል። እንደ «አፍተር» ያሉ ባለ ሁለት ቀለም (ባለ ሁለት ክፍለ ድምፅ) መስተዋድዶች ግን ራሳቸውም ስለሚጠነክሩ ያሳስታሉ፤ በ«አት» እና በ«ፎር» ብቻ አለማምጃቸው።

አንድ ቃል ሁለቱንም ሲሆን ለማሳየት «ሺ ራን አፕ እንጦጦ» እና «ሺ ራን አፕ ኤ ዴት» ጻፊ። የመጀመሪያዋ ዳገቱን ሮጣ ወጣች፤ «ራን አፕ ኢት» ይባላል። ሁለተኛዋ ዕዳ አከማቸች፤ «ራን ኢት አፕ» ይባላል።

አማርኛም የራሱ አለው፦ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»። «ቁጭ»ን ለብቻዋ መተርጎም አይቻልም፣ ከ«አለ» ጋር ነው ትርጉም የምትሰጠው። «ሲት ዳውን» እና «ጌት አፕ»ን ከዚህ ጋር ካያያዝሽላቸው ለየብቻ መተርጎሙን ይተዋሉ።

መስተዋድድ ከለገጣፎ፦
ሦስት ቃል ያላቸው አብዛኞቹ አይከፈሉም፦ «ፑት አፕ ዊዝ ኢት»፣ «ራን አውት ኦፍ ኢት»። «ውኃ አለቀብን» ሲባል አማርኛ ውኃውን ባለቤት ስለሚያደርግ «ዋተር ፊኒሽድ ኦን አስ» ይጽፋሉ። እንግሊዝኛው ባለቤቱን ሰዎቹን ያደርጋል፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ዋተር»።

ስትጠራጠሪ ኮካ የሚባለውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት ተመልከቺ፤ ከ1990 እስከ 2019 የተሰበሰበ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃል ይዟል፣ በነፃ ተመዝግበሽ ትፈልጊበታለሽ። ግሱን በትልልቅ ፊደላት ከጻፍሽው ሁሉንም ቅርጾቹን ያመጣል። አንዴ «ኢንጆይ»ን ከ«ቱ» ጋር፣ አንዴ ከኮከብ ምልክትና «ኢንግ» ጋር ፈልገሽ ቁጥሩን አስተያዪ። ቁጥሩን ብቻ እንዳታምኚ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን ክፈቺ፤ «ኢንጆይ ቱ ዘ ፉል» የሚሉም ይቆጠራሉና፤ እዚያ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ናት።

አስጠኚዋ ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። «ሄልፕ»ስ? በ«ቱ»ም ያለ «ቱ»ም አይቻለሁ።

ገላን 07፦
ሁለቱም ትክክል ነው፦ «ሺ ሄልፕድ ሚ ካሪ ኢት» እና «ሺ ሄልፕድ ሚ ቱ ካሪ ኢት»። ተደራጊ ሲሆን «ቱ» የግድ ነው። «ካንት ሄልፕ» ግን ሌላ ትርጉም ነው፣ «ኢንግ» ይወስዳል፦ «አይ ኩድንት ሄልፕ ላፊንግ» ማለት «ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ» ነው።