በሁለት ክፍል ቤት የኮሮና ሕመምተኛ ማስታመም፣ እናታችን ደግሞ ስኳር አለባቸው

ቡና አበባ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ፣ ሄርማታ ነው የምጽፈው። የ34 ዓመቱ ወንድሜ ትናንት ተመርምሮ ኮሮና ተገኘበት። ትኩሳቱና ሳሉ ከጀመረው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ትንፋሹ ደህና ስለሆነ ቤት ሆኖ እንዲያገግም ነግረው መለሱት።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ሳሎኑ ወደ ግቢ የሚከፈት በርና በጎን አንድ መስኮት አለው። መኝታ ቤቱ አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው ያለው፣ መግቢያውም በሳሎን በኩል ነው። እናታችን 66 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ሽንት ቤቱ ለሦስት አባወራ የጋራ ነው። ማን የት ይተኛ? ምን መድኃኒት ይገዛ? በረኪናውስ በምን ያህል ውሃ ይበጠበጣል? ጎረቤት ደግሞ ዳማከሴና ባህር ዛፍ አምጥተው «በሩን ዝጉና ከሰል አስገቡለት፣ በእንፋሎት ይታጠን» አሉን። እናድርገው?

አዌቱ ዳር፦

ይማርላችሁ እህቴ። ከከሰሉ ልጀምር፤ ዛሬ ማታውኑ ሰው ሊገድል የሚችለው እሱ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሳንባው የተጎዳ ሰው ድሮም ኦክስጅን እያነሰው ነውና እንደተኛ ሊቀር ይችላል። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» የሚባለውን አትስሙ፤ ፍሙም ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ሰውየው እየታፈነ ቁጥሩ ደህና መስሎ ይታያል። እንፋሎቱ ለጊዜው አፍንጫ ይከፍት ይሆናል እንጂ ቫይረሱን አይገድልም፤ የፈላ ውሃ ጭን ላይ ሲደፋ የሚያደርሰው ቃጠሎ ግን ከጉንፋኑ ይብሳል። ዳማከሴውን ማሽተት ከወደደ ያሽት፣ ጢስና እጣኑ ይቅርበት።

ስለ ክፍሉ፦ ወንድምሽ መኝታ ቤት ይተኛ፣ እናታችን ሳሎን። እሳቸው በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣሉ ይገባሉ፤ እሱ ሳሎን ቢተኛ በወጡ በገቡ ቁጥር በእሱ አየር ውስጥ ያልፋሉ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ቀንም ሌሊትም ክፍት ይሁን፣ በሩ ይዘጋ። ቬንትሌተር (የአየር ማራገቢያ) ካላችሁ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡት፤ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ንጹሑ አየር ደግሞ ከሳሎን በበሩ ሥር ይገባል። መሥራቱን ለማየት አንድ ጣት የሚያህል ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከሳሎን በኩል በበሩ ሥር ክፍተት ላይ አንጠልጥዪ። ቁራጩ ወደ በሽተኛው ክፍል ከተሳበ አየሩ በትክክል እየሄደ ነው። ወደ አንቺ ከተገፋ ነፋሱ በመስኮቱ እየገባ የእሱን አየር ወደ ሳሎን እያመጣ ነው ማለት ነው። ያኔ የሳሎኑን በርና መስኮት ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፤ እናታችን ቀኑን በረንዳ ላይ ቢያሳልፉ ይሻላል።

ክረምት ነው፣ «ብርድ ይመታዋል» መባሉ አይቀርም። ብርዱን የሚከላከለው ብርድ ልብስና ካልሲ ነው፤ መስኮት መዝጋት ቫይረሱን ቤት ውስጥ ማጠራቀም ነው። ይህ በሽታ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። ቀኑን ሙሉ የበር እጀታ እየወለወሉ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ትልቁን በር ከፍቶ ቀዳዳ እንደ መድፈን ይሆናል። መስኮቱ ክፍት ስለሚያድር አጎበር ይሰቀል። ከዚሁ ጋር፣ ኮሮና ተገኘ ማለት ወባ የለም ማለት አይደለም። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ላለበት ሰው የወባ የደም ምርመራ አብሮ መደረግ አለበት፤ ካልተደረገለት ነገ ይደረግ።

አንድ ሰው ብቻ ያስታምመው፣ ያም ሰው እናታችን አይሁኑ። የምትገቢው አንቺ ከሆንሽ ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ፤ አፍንጫ ላይ ያልተጫነ ማስክ እንዳልተደረገ ቁጠሪው። ኤን95 የሚባለውን ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ማስክ ካገኘሽ ለራስሽ አድርጊው። ወንድምሽ ምልክቱ ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሊያስተላልፍ ይችል ስለነበር እናታችን ቀድመው ተይዘው ይሆናል። ስለዚህ እሳቸውም ለ14 ቀን ይጠበቁ፣ ቤት ውስጥም ማስክ ያድርጉ፤ ትንሽ ጉሮሮ ቢከረክራቸው እንኳ ያኔውኑ ይመርመሩ።

ፋርማሲ ቤት፦

መድኃኒቱ አጭር ነው። ለትኩሳትና ለራስ ምታት ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም፣ ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ፣ የጉበት ችግር ካለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ከሆነ ከዚህ ያነሰ ስለሚወስድ ባለሙያ ይጠየቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጉንፋን መድኃኒት ደርቦ ሲወስድ ነው፤ አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላላቸው ሳይታወቅ እጥፍ ይሆናል፣ ጉበትም ይጎዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ ያለውን ይዘት አንብቡ።

አዚትሮማይሲንና አሞክሳሲሊን ለባክቴሪያ ናቸው፣ ቫይረሱን አይነኩትም። ሐኪም ሳያዝ አይገዙ።

አደራ እንዳትነኩ የምለው ግን ዴክሳሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። «ኮሮናን ያድናል» ተብሎ ከፋርማሲ ይጠየቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተደረገው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት መድኃኒቱ ሞት የቀነሰው ኦክስጅን በሚሰጣቸው ሕመምተኞች ላይ እንደሆነ አሳይቷል። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ከመድኃኒቱ ጥቅም አላገኙም። ቤት ውስጥ በራስ ሥልጣን መውሰድ ሰውነት ከቫይረሱ ጋር በሚታገልበት ሰዓት መከላከያውን ማዳከም ነው። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ሽቅብ ያወጣዋል። ለእናታችን «ለጥንቃቄ» ብላችሁ እንዳትሰጡ።

እሳቸው ከታመሙ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ምግብ አልበላም ብለው እንዳያቋርጡት፤ ትኩሳት ራሱ ስኳር ይጨምራል። በየ4 ሰዓቱ ይለኩ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነና ካስመለሳቸው ወይም ካስቀመጣቸው በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ።

ለወንድምሽ ውሃ፣ ሾርባና አጥሚት በብዛት፤ ሽንቱ ጠቆር ካለ አልጠጣም ማለት ነው። ካስቀመጠው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ከረጢቱን ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ጨውና ስኳሩን ያዛባዋል። ሳሉን ዝንጅብልና ማር ያለዝበዋል።

በረኪና፦ መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ እዪ። 5 በመቶ ከሆነ ለበር እጀታ፣ ለማብሪያ ማጥፊያና ለጠረጴዛ አንድ ሲኒ በረኪና ከ49 ሲኒ ውሃ ጋር፤ ለሽንት ቤትና ትውከት ለነካው ቦታ አንድ ሲኒ ከ9 ሲኒ ውሃ ጋር። ቆሻሻ በረኪናን ስለሚያደክመው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ደህናውንም ሳንባ ያቃጥላል። የመለኪያ ሲኒው ለቡና አይመለስ። ለሰሃንና ለብርጭቆ ሳሙና ይበቃል።

ቡና አበባ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከሰሉን አስወጣን። የሶፍቱ ቁራጭ መጀመሪያ ወደ ሳሎን ነበር የሚገፋው፤ ቬንትሌተሩን ስናዞረው ወደ ውስጥ ተሳበ። አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ ኦክስሜትር (ያንን የጣት ኦክስጅን መለኪያ) ተውሰን ብንለካው 91 አለ። እሱ ግን ምንም አልሆንኩም ብሎ ስልኩን ይነካካል። ምን እናድርግ?

ጊቤ 12፦

አሁኑኑ ድገሙት፣ ግን በሥርዓቱ። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፣ አያውራ። እጁን በሞቀ ውሃ ታጥቦ ያድርቅ፤ ቀዝቃዛ ጣት ደም ስለማይደርሰው ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። የጥፍር ቀለም ወይም የጠቆረ ሂና ያለበት ጣት አይሁን፤ ይህን ለእናታችንም አስቢው። እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆይ፣ ቁጥሩ ሲረጋ ነው የሚነበበው። ማሽኑ የሚያሳየውን የልብ ምት በእጁ አንጓ ላይ ከቆጠርሽው ጋር አስተያዪ። ካልተገናኙ የኦክስጅኑም ቁጥር አይታመንም። በዚያው ማሽን ራስሽንም ለኪ።

ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላው ሰው አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማለት ያጋጥማል፤ ሆኖም ጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ 94 እና ከዚያ በላይ ነው። ተደጋግሞ 92 ወይም 93 ካለ በዚያው ቀን ይታይ። 91 ከጸና ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ 90 እና ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። «ምንም አይለኝም» ማለቱ አያዘናጋሽ፤ በዚህ በሽታ ኦክስጅን ወርዶም ሰው ሳይጨነቅ ሊያወራ ይችላል። መለኪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ጠባይ እንዳለውም እወቂ፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው ካላማረሽ ሰውየውን እመኚ።

ትንፋሹንም ቁጠሪ። ሳያውቅብሽ፣ ደረቱ ሲነሳ አንድ እያልሽ፣ 60 ሰከንድ ሙሉ። ለአዋቂ ከ30 በላይ ከባድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ ካቃተው፣ ደረቱን ከተጫነው፣ ከተደናገረ ወይም ለመንቃት ከከበደው ማሽን አያስፈልግም፣ ተነሱ። ከንፈር መጥቆሩ በእኛ መልክ ላይ ቶሎ ስለማይለይ የከንፈሩን ውስጥና ምላሱን እዪ።

የሚከፋው ብዙ ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ አትተዉት፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ሌሊትም አንዴ እየለካሽ ከነሰዓቱ በወረቀት ጻፊ። ሐኪሙ የሚፈልገው ያንን ወረቀት ነው።

ቡና አበባ፦

እጁ በረዶ ነበር። ታጥቦ ሲለካ 95፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም 95። እኔ 96 ነኝ። ትንፋሹ 18። ጎረቤቶች ግን ካልጠየቅነው እያሉ ነው፣ አንዱ ደግሞ ኦክስጅን ሲሊንደር ተከራዩ ይላል።

አዌቱ ዳር፦

እሰይ። ሲሊንደሩን ተዉት። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሻማ፣ እጣንና የቡና ከሰል ባለበት ኦክስጅን መክፈት እሳት መጥራት ነው።

ጎረቤት የታመመ መጠየቁ ወጉ ነው፣ አይከለከል። ግቢ ውስጥ ሆነው በመስኮቱ በኩል ሁለት ሜትር ርቀው ያነጋግሩት፤ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ለእሱ የብቻው ትሪ ይቅረብለት፣ ጉርሻው ይቆየን።

ለሽንት ፖፖ ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥለት ከመመላለስ ያድናል። ወደ ጋራው ሽንት ቤት ሲሄድ ማስክ አድርጎ፣ የሚቻል ከሆነ ከሁሉም ኋላ ይሂድ፤ በሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ክፍት ይቆይ። ለሁለቱ አባወራዎች ንገሯቸው፤ ተደብቆ ከሚታወቅ ቀድሞ ቢነገር ቂም አይኖርም።

ከክፍሉ የሚወጣው ምልክቱ ከጀመረ 10 ቀን ሲሞላው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ያለ ፓራሲታሞል ትኩሳት የሌለባቸው መሆን አለባቸው። ደረቅ ሳሉና የሽታ መጥፋቱ ከዚያ በኋላም ሊቆይ ይችላል፣ ለብቻው አያስጋችሁ።

ሌሊት ቢብስበት የባጃጅ ሹፌር ስልክ ዛሬውኑ ያዙ፣ ምን እንደሆነም ቀድማችሁ ንገሩት። ሸራው ከሁለቱም ጎን ይነሳ፣ ሹፌሩም እናንተም ማስክ አድርጉ፤ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል። የለካሽበትን ወረቀት፣ የምርመራ ውጤቱን፣ የስልክ ቻርጀርና ጋቢ በአንድ ፌስታል አድርገሽ በሩ ሥር አስቀምጪ።